ዊንዶውስ 11 ለማይጫንበት ላፕቶፕ፦ የሊኑክስ ሚንት 22 ግምገማ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነጻ ይሰጥ የነበረውን የደህንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ አባቴ የሚጽፉበት ላፕቶፕ የድጋፉን ማብቃት የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ እየደጋገመ ያሳይ ጀመር። አባቴ መልእክቱን ቫይረስ መስሏቸው ኮምፒውተሩን መክፈት ትተው ነበር። ላፕቶፑ ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ፕሮሰሰርና 8 ጊጋባይት ራም ያለው ጠንካራ ዕቃ ቢሆንም፣ ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆኑትን ስለሚጠይቅ አይቀበለውም። ያማከርኩት ጥገና ቤት አዲስ ከመግዛት ሌላ መፍትሔ እንደሌለ ነገረኝ፤ ምክሩ ግን ትክክል አልነበረም።

ማስጠንቀቂያው መናቅ የለበትም። ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ማለት ሳይሆን፣ ወደፊት የሚገኙ የደህንነት ቀዳዳዎች አይደፈኑም ማለት ነው፤ ጸረ ቫይረስ ብቻውን ይህን አይተካም። ማሻሻያውን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚያራዝም የማይክሮሶፍት መርሐ ግብር አለ፤ ለአንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ ግን አልመረጥኩትም።

እኔ የመረጥኩት በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንት 22 የተባለ ስርዓተ ክወና (ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ዋና ፕሮግራም) ነው። በነጻ የሚገኝ ሲሆን የደህንነት ማሻሻያው እስከ 2021 ዓ.ም. ይዘልቃል። ወደ 3 ጊጋባይት የሚጠጋውን ፋይል አውርጄ በፍላሽ ላይ ካዘጋጀሁ በኋላ፣ ዊንዶውሱን ሳልነካ ከፍላሹ አስነስቼ ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ፕሪንተሩን ፈተሽኩ። ይህ ከመጫን በፊት የመሞከር ዕድል ትልቁ ብልጫው ነው። ሃርድ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ለመጫን የሚወስን ሰው ግን ሰነዶቹንና ፎቶዎቹን አስቀድሞ በሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥ አለበት።

አማርኛ ማንበብ ችግር የለበትም፤ ለመጻፍ ግን አይባስ የተባለውን የኪቦርድ አገልግሎት ከአማርኛ ስልቱ ጋር ለብቻ መጫን ያስፈልጋል፣ ይህም ለጀማሪ አድካሚ ነው። ከተስተካከለ በኋላ አባቴ ቃሉን በድምፁ በላቲን ፊደል እየመቱ በአማርኛ ይጽፋሉ። በዩኒኮድ፣ ማለትም ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት አወካከል፣ የጻፏቸው ሰነዶች ሊብረኦፊስ በተባለው ነጻ የጽሕፈት ፕሮግራም በደህና ተከፈቱ፤ አንዳንድ ሠንጠረዦች ብቻ ከቦታቸው ተንሸራተዋል። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉት ግን ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የሌለው የምልክት ጥርቅም ሆነው ስለሚታዩ፣ የፎንቱን ፋይል ከዊንዶውሱ ላይ ሳይጠፋ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። እኔ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ በመሆኑ የአባቴን የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ከታተመው ቅጂ እያየሁ እንደገና ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

በቤቱ በፒችትሪ ሒሳብ ለሚሠራ ሰው ሚንትን አልመክርም፤ ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው። ደብዳቤ ለሚጽፍ፣ ኢንተርኔት ለሚጠቀምና ቪዲዮ ለሚመለከት ቤተሰብ ግን ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ማሻሻያ ሲመጣ ከስክሪኑ ግርጌ ያለችው የጋሻ ምልክት ታሳያለች፤ አባቴም አሁን ማንንም ሳይጠሩ የይለፍ ቃላቸውን አስገብተው ራሳቸው ይጭኑታል።