የተሰነጠቀው የብስክሌቴ ፍሬም፣ የማን ጥፋት?

እንጦጦ ቁልቁለት ላይ ብስክሌቴን ስነዳ ከሥሬ «ጢቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጠጠር መስሎኝ ዝም አልኩ። ቤት ገብቼ ጭቃውን በጨርቅ ስጠርግ፣ ኮርቻው የሚገባበት የፍሬሙ ቱቦ ላይ፣ ከብየዳው አጠገብ ፀጉር የምታክል መስመር አየሁ። ጥፍሬን ባሳልፍባት ያዝ አደረገችኝ። ስንጥቅ ናት።

መጀመሪያ አምራቹን ረገምኩ። አሉሚኒየም ከተደጋጋሚ ጫና ድካም ያጠራቅማል፤ ግን በአራት ዓመት? ከዚያ የኮርቻውን ዘንግ መዝዤ ሳየው አፈርኩ። ረጅም ነኝ፤ «ከዚህ በላይ አይውጣ» የምትለዋን ምልክት በሦስት ጣት አሳልፌያታለሁ። ለካ ቱቦው ሸክሜን ሁሉ በአፉ ብቻ ይዞ ኖሯል።

ፎቶውንና ከፔዳሉ ሥር የተቀረጸውን መለያ ቁጥር ለአምራቾቹ ላክሁላቸው፤ የምልክቷንም ነገር አልደበቅሁም። በሁለተኛው ቀን መለሱ፦ ዋስትናው ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው (እኔ ከጓደኛዬ ነው የገዛሁት)፣ ሆኖም አዲስ ፍሬም በግማሽ ዋጋ እንሰጥሃለን። ጨዋ መልስ ነው። አንድ ነገር ግን አልምራቸውም፦ ያቺ ምልክት ጥቁር ዘንግ ላይ በግራጫ ቀለም ተጽፋ ማን ያያታል?

የሰፈሬ በያጅ «በአርጎን ብየዳ እደፍንልሃለሁ» ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩ፤ እንዲህ ያለ አሉሚኒየም ተበይዶ በሙቀት ካልታከመ ቦታው ይለሰልሳል። ለአምራቾቹ ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻቸዋለሁ።