ፕሮሰሲንግን ለወራት ተጠቅሜበት፦ ጎን መርጦ የመደበቅ ነገር

ለማስጠናቸው ልጆች የጂኦሜትሪ መልመጃ የማዘጋጀው በፕሮሰሲንግ ነው፤ ኮድ እየጻፉ ሥዕል የሚስሉበት ፕሮግራም ነው። ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። ስለ ፕሮግራሙ ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ የማወራው ግን በጣም ስለምፈልገው አንድ ሥራ ነው። ጎነ ብዙ ስሎ፣ ቀለም ሞልቶ፣ ከጎኖቹ አንዳንዶቹን መደበቅ።

ይሄ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። ከሁለት ሬክታንግሎች የተሠራ የኤል ቅርጽ አስቡ። ጥያቄው "ስፋቱን ፈልጉ" ነው። ሁለቱ የሚጋጠሙበት መስመር ከታየ ግማሹ መልስ ተነገረ ማለት ነው። ቅርጹን የት ጋ እንደሚቆርጠው ልጁ ራሱ ማየት አለበት። ስለዚህ የጋራው ጎን ጥያቄው ላይ መጥፋት አለበት፤ የመልስ ወረቀቱ ላይ ደግሞ በተቆራረጠ መስመር መውጣት አለበት። ኤሉን እንደ አንድ ጎነ ስድስት መሳልም ይቻላል። ግን ሁለቱን ክፍሎች ለየብቻ ካልያዝኳቸው የመልስ ወረቀቱን እንደ አዲስ ልስል ነው።

ለማታውቁት፣ ፕሮሰሲንግን ኬሲ ሪስ እና ቤን ፍራይ እ.ኤ.አ. በ2001 ኤምአይቲ ሚዲያ ላብ ሳሉ ነው የጀመሩት። ነፃ ነው። የሚሠራበት የኮድ ቋንቋ፣ ጃቫ፣ አብሮት ስለሚመጣ ሌላ የሚጫን ነገር የለም። አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኔትወርክ እየተቆራረጠ ለሚሠራ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አሳሳሉ እንዲህ ነው። በቢጊንሼፕ ትከፍታላችሁ፣ ነጥቦቹን በቨርቴክስ በየተራ ትደረድራላችሁ፣ በኤንድሼፕ ትጨርሳላችሁ። ኤንድሼፕ ቅንፍ ውስጥ ክሎዝ ብላችሁ ከጻፋችሁ ሁሉም ጎን ይሰመራል። ቅንፉን ባዶ ከተዋችሁት ግን ከመጨረሻው ነጥብ ወደ መጀመሪያው የሚመለሰው ጎን አይሰመርም። ቀለሙ ግን ሙሉውን ቅርጽ ይሞላል። ይሄን ባህሪውን በጣም ነው የምወደው። አንድ ጎን ብቻ መደበቅ ከፈለጋችሁ የነጥቦቹን ተራ አዙራችሁ ያንን ጎን መጨረሻ ላይ ማድረግ ነው፤ አለቀ።

ሥራ የሚመጣው ከአንድ በላይ ጎን መደበቅ ሲያስፈልግ ነው። በተለመደው የ2ዲ ሥዕል ላይ "ሦስተኛውን ጎን ተወው" የሚል ትእዛዝ የለም። ድሮ ኦፕንጂኤል በሚባለው የግራፊክስ መሣሪያ ላይ ለዚሁ የሚሆን ኤጅ ፍላግ የሚባል ነገር ነበር፤ ከ3.1 ጀምሮ ከዋናው ክፍል ወጥቷል። ፕሮሰሲንግ ላይ ያለው መንገድ ሙሌቱን ከመስመሩ መለየት ነው። መጀመሪያ ኖስትሮክ (መስመር አታስምር) ብሎ ቅርጹን በቀለም ብቻ መሙላት። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጎን ትሩ (አዎ) ወይም ፎልስ (አይ) የያዘ አሬይ፣ ማለትም ዝርዝር፣ ማዘጋጀት። በሉፕ (በድግግሞሽ) እየዞሩ ትሩ የሆኑትን ብቻ ላይን በሚባለው ትእዛዝ ማስመር። አሬዩ የመብራት ማብሪያና ማጥፊያ ማለት ነው፤ አንዷን ቃል ስትቀይሩ አንድ ጎን ይጠፋል ወይም ይበራል።

ጫፎቹ ላይ ግን ጠጋ ብላችሁ እዩ። የፕሮሰሲንግ መስመር እናንተ ካልቀየራችሁት ጫፉ ክብ ነው። ውፍረቱን 8 ፒክስል ካደረጋችሁት፣ የተደበቀው ጎን በሚጀምርበት ማዕዘን ላይ 4 ፒክስል የሚያህል ድቡልቡል ነገር ከቅርጹ ወጥቶ ይታያል። የጫፉን ቅርጽ የሚወስነውን ስትሮክካፕን ስኩዌር ስታደርጉት ያ ይጠፋል፤ በተራው የሚታዩት ጎኖች የሚገናኙበት ማዕዘን ተሸርፎ ይመጣል። እኔን ያረካኝ መፍትሔ ስኩዌሩን ሳይነኩ ተከታትለው የሚታዩትን ጎኖች አንድ ላይ፣ በኖፊል (ያለ ሙሌት)፣ ሳይዘጋ እንደሚቀር አንድ መስመር መሳል ነው። ማዕዘኑ ሹል ይሆናል፣ ጫፉም ልክ ነጥቡ ላይ ይቆማል። ኮዱ ትንሽ ይረዝማል፤ ወረቀት ላይ ሲታተም ግን ልዩነቱ ያስታውቃል።

ሌላው ነገር፣ ሁለት ቅርጾች ዘንበል ባለ ጎን ሲጋጠሙ መሃል ላይ ፀጉር የምታክል ክፍተት ትታያለች። ፕሮግራሙ ጠርዝ ለማለስለስ ሲል የሁለቱንም ዳር በከፊል ስለሚያሳልፈው ከኋላ ያለው ቀለም ይወጣል። ለሙሌቱ በራሱ ቀለም ቀጭን ስትሮክ (የጠርዝ መስመር) ስትሰጡት ይደፈናል።

ቅሬታዬ የተቆራረጠ መስመር ላይ ነው። ኪዩብ 12 ጠርዝ አለው። ከአንዱ ማዕዘን በኩል ሲታይ 9ኙ ይታያሉ፣ 3ቱ ከኋላ ይቀራሉ። የፕሮሰሲንግ የ3ዲ መሳያ የሆነው ፒ3ዲ 3ቱን ጭራሽ ይሸፍናቸዋል፤ የሒሳብ መጽሐፍ ግን በተቆራረጠ መስመር ነው የሚያሳያቸው። ለዚህ የሚሆን ዝግጁ ትእዛዝ ፕሮሰሲንግ ላይ የለም። በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለውን በሚያሰላው ለርፕ መስመሩን ከፋፍዬ አንዱን እየሳልኩ አንዱን እየዘለልኩ የራሴን ፈንክሽን ጻፍኩ። አሬዩም ከትሩና ፎልስ ወደ ቁጥር ተቀየረ፦ 0 ድብቅ፣ 1 ሙሉ፣ 2 የተቆራረጠ። ይሄ ከመጀመሪያው አብሮት ቢመጣ ጥሩ ነበር።

አንድ ሥዕል ብቻ የሚፈልግ ሰው ጂኦጀብራ የሚባለው የሒሳብ መሳያ ፕሮግራም ይሻለዋል። እዚያ እያንዳንዱ ጎን ራሱን የቻለ ነገር ስለሆነ በማውስ መርጦ መደበቅ ወይም ማቆራረጥ ይቻላል። ኮድ አያስፈልግም።

ፒዲኤፍ ማውጣቱ ላይ ምንም ቅር አይለኝም። ቴክስትሞድን ሼፕ ስታደርጉት ፊደሉ ወደ ቅርጽ ይለወጣል። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ፎንት ባይኖርም ጽሑፉ ሳይበላሽ ይወጣል።

እኔን ፕሮሰሲንግ ላይ ያቆየኝ ራንደም፣ ማለትም ቁጥር በዘፈቀደ የሚያወጣው ትእዛዝ፣ ነው። የጎኖቹን ርዝመት በራንደም ስለምሰጥ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ልጆች የተለያየ ቁጥር ይደርሳቸዋል፤ የሚደበቀው ጎን ግን ያው ነው። ራንደምሲድ (ያንኑ የዘፈቀደ ቁጥር ደግሞ እንዲወጣ የሚያደርገው ትእዛዝ) ላይ የሰጠሁትን ቁጥር ወረቀቱ ጥግ ላይ አትመዋለሁ። መልሱን ለማውጣት ያንኑ ቁጥር መልሼ አስገብቼ የጋራውን ጎን ከ0 ወደ 2 እቀይራለሁ።