ሊኑክስ ሚንት ከዊንዶውስ ጎን

ፒችትሪ በተባለው የሂሳብ መዝገብ ፕሮግራም የምሠራው ዊንዶውስ ላይ ስለሆነ እሱን መጣል አልቻልኩም። ስለዚህ 8 ጊጋባይት ራም ባለው አሮጌ ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጎን ለጎን ጫንኩት። ወድጄዋለሁ።

ጫኚው ዊንዶውስ መኖሩን ራሱ ያውቃል፤ አብሮ ይጫን እንደሆነም ይጠይቃል። የዲስኩን ቦታ ግን ቀድማችሁ ከዊንዶውስ በኩል ቀንሱ። እኔ ለሚንት 60 ጊጋባይት ሰጠሁት፤ በቂ ነው። ፋስት ስታርትአፕ የተባለውን የዊንዶውስ ፈጣን ማስነሻ አጥፉ፤ ካልጠፋ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ሚንትም ፋይሎቹ ላይ መጻፍ ያቅተዋል። የቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ቁልፍ ካላችሁ ወረቀት ላይ ይስፈር። ፋይላችሁንም ሌላ ዲስክ ላይ ቅዱ፤ በዚህ አልደራደርም!

ሰዓቱ ግን ሊያደናግር ይችላል። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ያስቀምጣል። ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ የአገር ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። ኢትዮጵያ 3 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ከሚንት ወደ ዊንዶውስ ስትሻገሩ ሰዓቱ በዚያው ልክ ወደኋላ ይቀራል። ደረሰኝ ለሚመዘግብ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሆነማ ቀኑም ይሳሳታል። ደግነቱ ሚንት ላይ በአንድ ትእዛዝ ይስተካከላል።

ላፕቶፑ ሲነሳ ግሩብ የተባለው ማስነሻ የቱን እንደምትፈልጉ ይጠይቃል፣ መርጦ መግባት ነው። ራማችሁ 4 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀላል እትም ውሰዱ።