አዝማሪ ቤት አመሸን፦ አዝማሪው 10፣ ጠጁ 3
ቅዳሜ ማታ ከልጆቹ ጋር አንድ አዝማሪ ቤት ገባን፣ ስሙን ልተወው ምክንያቱም ጠጁ ስኳር ብቻ ነው ማይኩም ጆሮ ይበጥሳል። ግን አዝማሪው! አንድ የፈረስ ጭራ ክር ባላት ማሲንቆ ቤቱን አስነሳው። ጓደኛችን ኪራይ ተጨምሮበት ሲነጫነጭ ሰምቶ ነው መሰለኝ ፊቱ መጥቶ ቆመና «በኪራይ ተቃጥዬ ስዞር እውላለሁ፣ ቤት የለኝም እንጂ ቤትስ እመታለሁ» አለው፣ የቱን ቤት እንደሚመታ እስኪገባን ትንሽ ቆየንና ከዛ በሳቅ ፈረስን፣ ልጁ ራሱ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ሞቅ ሲለኝ «ተቀበል!» ብዬ ስለ ታክሲ ሰልፍ ሁለት ስንኝ ወረወርኩ፣ ቤት አልመታም 😂 እሱ ግን ሲቀበለኝ ቀስ ብሎ አስተካከለልኝ። ሽልማት ግንባር ላይ ስለሚለጠፍ ዝርዝር ብር ያዙ፣ ከግንባር ላይ መልስ አይጠየቅም። የሚጠጣ ደግሞ ቢራ እዘዙ።