ለብጉር የሚዋጥ መድኃኒት፦ ዶክሲሳይክሊን ይሻላል ወይስ አይሶትሬቲኖይን?

ኅዳር ሲጋመስ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ጥምቀት ደረሰ፣ የጥር ሠርግ ደረሰ፣ ሚዜ የሆነችው ሁሉ ፊቷ እንዲጠራላት ትፈልጋለች። ጥያቄው ሁልጊዜ «የቱን ልግዛ?» ነው። መልሴን ሳላለዝብ ልንገራችሁ። ብጉራችሁ መካከለኛ ከሆነ ዶክሲሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ፣ ፊት ላይ ከሚቀባው ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጄል ጋር፣ ለሦስት ወር። አይሶትሬቲኖይን ከቆዳ ሥር እየተቋጠረ ጠባሳ ለሚተው ብጉር ነው፤ እሱም የሕክምናውን ሙሉ ወጪ እስከ መጨረሻው መሸፈን ለሚችል ሰው። ሁለቱም በሐኪም ማዘዣ የሚገዙ ናቸው። በኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ለጥምቀት ጥርት ያለ ፊት መጠበቅ ደግሞ ከንቱ ነው። ዶክሲሳይክሊን ለውጡ መታየት የሚጀምረው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ አይሶትሬቲኖይን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብጉሩን ጭራሽ ሊያባብሰው ይችላል።

ወደ ዋጋው እንግባ። የአንድ እሽግ ዋጋ ጠይቆ መመለስ ምንም አይፈይድም። መጠየቅ ያለበት የአንዱ ፍሬ ዋጋ ነው፤ ከዚያም ሕክምናው እስኪያልቅ በሚያስፈልገው ፍሬ ልክ ማባዛት። የዶክሲሳይክሊን የተለመደ መጠን በቀን 100 ሚሊ ግራም፣ ማለትም አንድ ፍሬ ነው። ሦስት ወር 90 ፍሬ ይሆናል። አንዱን ፍሬ 8 ብር ቢሏችሁ ጠቅላላው 720 ብር ነው፤ 12 ብር ቢሏችሁ 1,080 ብር። ከዚያ በላይ አትሂዱ፤ አንቲባዮቲክ ለብጉር ከሦስት ወይም ከአራት ወር አልፎ አይወሰድም። ጄሉ ብቻውን ከክኒኑ የበለጠ ሊያስወጣ ይችላል፤ ቢሆንም እሱን መተው አያዋጣም። አንቲባዮቲኩ ብቻውን ሲወሰድ ተህዋስያኑ መድኃኒቱን ይለምዱታል፣ ጄሉ ግን ይህን ይከላከላል፤ ክኒኑ ከቆመ በኋላም ፊትን ጠብቆ የሚያቆየው ጄሉ ነው። ባለ 2.5 በመቶው ጄል ከባለ 10 በመቶው ባልተናነሰ ይሠራል፣ የሚያቃጥለው ደግሞ ያንሳል። ስለዚህ ትልቅ ቁጥር ስለተጻፈበት ብቻ ውዱን ቱቦ አትግዙ። ሌሊት ተቀብታችሁ ስትተኙ ባለቀለም የትራስ ጨርቅ እንደሚነጣባችሁም እወቁ፤ የነጠላ ጥለትም አይተርፍም።

አይሶትሬቲኖይን ላይ ሒሳቡ ሌላ ነው። የሚሰላው በሰውነት ክብደት ሲሆን የተለመደው ጠቅላላ ግብ ለአንድ ኪሎ ከ120 እስከ 150 ሚሊ ግራም ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዝቅተኛው ስሌት 7,200 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል፤ በባለ 20 ሚሊ ግራሙ 360 ፍሬ፣ በቀን ሁለት ሁለት እየተወሰደ ስድስት ወር ማለት ነው። በከፍተኛው ስሌት 450 ፍሬ ይደርሳል። አንዱ ፍሬ 50 ብር ነው እንበል፤ 360ው 18,000 ብር፣ 450ው 22,500 ብር ይመጣል። በዚህ ላይ ከመጀመሩ በፊትና በመሃል የሚደረገው የጉበትና የደም ቅባት ምርመራ አለ፣ ለሴት የእርግዝና ምርመራ አለ፣ የካርድ አለ፣ ለሚሰነጠቅ ከንፈር ቫዝሊን፣ ለሚደርቅ ዓይን ጠብታ አለ። ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከውጭ በሚገባ መድኃኒት ዋጋ ላይ መተማመን አይቻልም። በመስከረም የጠየቃችሁትን በታኅሣሥ ላታገኙት ትችላላችሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ በሁለተኛው ወር ገንዘብ አልቆበት የሚያቋርጠው ሰው ነው። ድምሩ ሳይሞላ ሲቆም ብጉሩ የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ የወጣውን ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው።

ገንዘብ ሲያጥር ሰው ወደ ርካሹ ያዘነብላል፤ ጣጣው የሚመጣውም በዚህ በኩል ነው። የአክስቴ ልጅ አይሶትሬቲኖይንን ከመድኃኒት ቤት ዋጋ ሲሶውን ቀንሶ የሚሸጥ፣ በሻንጣ ከውጭ የሚያመጣ ሰው አገኘች። «እታለም፣ ዋናው ነው፤ ካርቶኑ እንኳን አልተከፈተም» እያለች በደስታ አሳየችኝ። ከፈትነው። ካርቶኑ ላይ የታተመው የምርት መለያ ቁጥርና በውስጡ ባለው እሽግ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር አይገናኙም። የማብቂያው ቀን በካርቶኑ ላይ በጉልህ ተጽፏል፤ እሽጉ ላይ ቀኑ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ግን ጭረት ብቻ ነው ያለው። ፍሬዎቹ ዘይት የያዙ ለስላሳ ካፕሱሎች ናቸው፤ ሁለቱ ከፎይሉ ጋር ተጣብቀው ዘይታቸው ፈስሷል። ይህ መድኃኒት ሙቀትና ብርሃን አይወድም፣ በየት በየት አልፎ እንደመጣ ደግሞ የሚያውቅ የለም። ደረሰኝ የለም፤ የሻጩም ስልክ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

ከገንዘቡ በላይ ያስቆጣኝ ግን ሻጩ ስለ እርግዝና አንዲት ቃል አለመተንፈሱ ነው። አይሶትሬቲኖይን በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ በፅንሱ ላይ ከባድ የአካል ጉድለት ያደርሳል። ሴት ከመጀመሯ በፊት አለማርገዟ በምርመራ መረጋገጥ አለበት፤ በሕክምናው ጊዜ ሁሉና ካቆመች በኋላም አንድ ወር ሙሉ አስተማማኝ መከላከያ ያስፈልጋታል። ወንድም ሆነ ሴት በዚያው ጊዜ ውስጥ ደም መለገስ የለበትም። ይህን የማይነግር ሰው መድኃኒት ሊሸጥ አይገባውም። ግዢያችሁ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ከሰቀለ፣ ደረሰኝ ከሚቆርጥ መድኃኒት ቤት ይሁን፤ የካርቶኑንና የእሽጉን መለያ ቁጥሮችም እዚያው ቆማችሁ አስተያዩ።

ዶክሲሳይክሊንን ስለወደድኩት እንከኑን አልደብቅም። ማታ አልጋ ላይ ሆኖ በአንድ ጉንጭ ውኃ የሚውጠው ሰው ክኒኑ ጉሮሮው ላይ ተጣብቆ ያቆስለዋል፤ ለቀናት ምራቅ መዋጥ ያስጨንቃል። ሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ ከዚያም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ መቆየት ነው። ከወተት፣ ከብረት እንክብልና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አይወሰድም፤ አቅሙን ይቀንሱታል። ፀሐዩ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ከተማችን ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ መድኃኒቱ ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርገዋል። ከፒያሳ ማራኪ በቀትር በእግር የምትመላለሱ ከሆነ ጃንጥላ ወይም ሰፊ ባርኔጣ ያዙ። ለእርጉዝና ከስምንት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ለብጉር አይሰጥም። ከትልቅ ዕቃ ተቆጥሮ በላስቲክ የተቋጠረ፣ ወይም ዘመድ ወደ መተማ ሲወርድ ለወባ መከላከያ ታዝዞለት የተረፈ፣ ቀኑ የማይታወቅ ፍሬ አትዋጡ። ጊዜው ያለፈበት ቴትራሳይክሊን የሰው ኩላሊት መጉዳቱ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው፤ ዶክሲሳይክሊንም ከዚያው ቤተሰብ ነው።

አይሶትሬቲኖይን ተገቢው ሰው እጅ ሲገባ ግን የሚያክለው የለም። ጉንጭና ጀርባ ላይ የሚያብጥ፣ ሲነካ የሚያም፣ ሲድን ጉድጓድ የሚተው ብጉር ላይ ሦስት ወር ዶክሲሳይክሊን ወስዳችሁ ለውጥ ካጣችሁ፣ ሌላ አንቲባዮቲክ ላይ ገንዘብ አትጨርሱ። ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ሂዱና ወጪውን ከሐኪሙ ጋር አስሉ። ዶክሲሳይክሊንንና አይሶትሬቲኖይንን ደርቦ መውሰድ ክልክል ነው፤ በጭንቅላት ውስጥ ያለውን ግፊት ሊጨምሩ ይችላሉ። ሌላው በእኛ አገር የሚረሳው ነገር ጾም ነው። አይሶትሬቲኖይን በደንብ ወደ ሰውነት የሚገባው ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲዋጥ ነው፤ በባዶ ሆድ የተዋጠ ውድ ፍሬ ብዙው ክፍሉ ይባክናል። በሁዳዴ ጠዋት ከመዋጥ ከጾሙ መፍቻ በኋላ፣ ዘይት ከበዛበት ሽሮ ወይም ከለውዝ ጋር ይሁን። የካፕሱሉ ጄላቲን አብዛኛውን ጊዜ ከእንስሳት የሚሠራ ስለሆነ፣ የሚያሳስባችሁ ካላችሁ አስቀድማችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

ሐኪም ዘንድ መሄዱ ለሌላም ይጠቅማል። ፊት ላይ ወጥቶ ለወራት የማይጠፋ፣ እምብዛም የማያም፣ ቀስ በቀስ የሚሰፋ እብጠት ብጉር ላይሆን ይችላል፤ በደጋው አካባቢ የሚታወቀው ቁንጭር የሚባለው የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላልና ከሁለቱ ክኒኖች አንዱም አያድነውም። ፊት ያቀላል ተብሎ የሚሸጠው ስቴሮይድ ያለበት ክሬምም ራሱ ብጉር ያወጣል። እሱን እየተቀቡ ክኒን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

አዚትሮማይሲን ስለተባለው ሌላ አንቲባዮቲክ የምትጠይቁኝም አላችሁ። ለዓይን ማዝ በየቀበሌው ሲታደል ሁላችንም አውቀነዋል፤ ለብጉር ግን እኔ አልገዛውም። ዶክሲሳይክሊን መውሰድ ለማይችል ሰው ሐኪም ሊያዝዘው ይችላል፣ ከዚያ ውጪ ለሌላ በሽታ የሚያስፈልገንን መድኃኒት ማባከን ነው።

ለሴቶች አንድ ተጨማሪ መንገድ አለ። ሁለት ሆርሞን ያለው የእርግዝና መከላከያ እንክብል፣ በተለይ ከወር አበባ በፊት አገጭ ላይ የሚወጣውን ብጉር ይቀንሳል፤ ለመታየት ግን ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈልጋል። የደም ግፊት ያለባት፣ ደም የመርጋት ችግር የነበረባት ወይም ዓይን ከሚያብለጨልጭ ራስ ምታት ጋር የምትኖር ሴት አትወስደውም። በአንጻሩ የሦስት ወሩ መርፌና ክንድ ላይ የሚቀበረው መከላከያ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ብጉር ያባብሳሉ። ብጉሩ የመጣባችሁ መርፌውን ከጀመራችሁ ወዲህ ከሆነ ዶክሲሳይክሊን ለመግዛት ከመውጣታችሁ በፊት ለጤና ጣቢያዋ ባለሙያ ንገሯት። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ምክሩም ሆነ የመከላከያው ለውጥ በነፃ ነው።