ለማድያት ሄጄ ጫማ ያስወለቁኝ ክሊኒክ

ስታዲየም አካባቢ ያለ የቆዳ ክሊኒክ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ከማመስገኑ ጋር የምወቅሰውም አለኝ።

የሄድኩት ፊቴ ላይ ለወጣው ማድያት ነበር። ሐኪሟ ፊቴን አይታ ስትጨርስ "እስቲ ጫማሽንም ካልሲሽንም አውልቂ" አለችኝ። ምን ነካት አልኩ በሆዴ። የካልሲዬ ቀዳዳም አሳስቦኝ ነበር።

ተረከዜ ሥር አንድ ጥቁር ነጥብ አለች። ዓመት ይሆናታል፤ ጫማ የመታኝ መስሎኝ ንቄ ትቻት ነበር። ሐኪሟ መብራት ባለው አጉሊ መነጽር አተኩራ አየቻት። ዳሯ ወጣ ገባ ነው፣ ቀለሟ ግማሹ ቡናማ ግማሹ ጥቁር፣ ስፋቷም ከ6 ሚሊ ሜትር አልፏል። "ጥቁር ሰውን የቆዳ ካንሰር ይይዘዋል እንዴ?" አልኳት። ሜላኖማ የሚባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር እኛን እምብዛም ባይዝም፣ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር እንደሆነ ነገረችኝ። ቦብ ማርሌንም በ36 ዓመቱ የቀጠፈው ከእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የጀመረ ሜላኖማ ነው። ያ በ1997 ዓ.ም. 60ኛ ልደቱን እዚሁ መስቀል አደባባይ ያከበርንለት ቦብ!

ቅባት ሰጥታ አልሸኘችኝም። አደንዝዛ ነጥቧን በሙሉ ቆርጣ ለምርመራ ላከች። ኪንታሮት ነው ብሎ የሚያቃጥል ሰው እጅ ብወድቅ ኖሮ የሚመረመር ነገር አይተርፍም ነበር።

ወቀሳዬ እዚህ ላይ ነው። ውጤቱ በ10 ቀን ይደርሳል ተብዬ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ፤ "ሲደርስ እንደውልልሻለን" ይሉኛል እንጂ የደወለልኝ የለም። ክሊኒኩ ደግሞ 4ኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሊፍቱ አይሠራም፣ እኔ ተረከዜ ተሰፍቶ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ደረጃውን ስወጣ የካርድ ክፍሏ ልጅ ቀና ብላም አላየችኝም።

ውጤቱ ሜላኖማ ነበር። ደግነቱ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ሐኪሟ አረጋግታ አስረዳችኝ፤ ከስፋቱ ይልቅ የሚያሳስበው ወደ ውስጥ የዘለቀበት ጥልቀት ነው አለች። ከዚያ ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ደህና ቆዳ ጨምረው እንዲቆርጡልኝ ሆስፒታል ላከችኝ። ኬሞ አላስፈለገኝም። አሁን በየሦስት ወሩ ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ታየኛለች፣ ንፍፊት ካለኝም ብላ ብሽሽቴን ትዳስሳለች።

ማድያቱ እስካሁን አልለቀቀኝም። ባለፈው ሳምንት ስሄድ ሊፍቱም አልተሠራም።