ለትንሽ ሲኒማ ቤት የቅድመ ፊልም ማስታወቂያ ማሠራት፦ የትኛው መንገድ ያዋጣል?

አንድ አዳራሽ ብቻ ባለው ሲኒማ ቤት ነው የምሠራው። ፕሮግራም የማወጣውም፣ ፊልሙን ሰርቨር (ፊልሙን ይዞ ለፕሮጀክተሩ የሚያቀብል ኮምፒውተር) ላይ የምጭነውም፣ ፕሮጀክተሩን የማስነሳውም እኔ ነኝ። ስለዚህ ከፊልሙ በፊት የሚታዩት አጫጭር ማስታወቂያዎች ጉዳይ በቀጥታ እኔን ይመለከታል። «እንኳን ደህና መጡ»፣ «ስልክዎን ያጥፉ»፣ «የአደጋ ጊዜ መውጫዎቹ እነዚህ ናቸው» የሚሉትን ማለቴ ነው። ብዙ ሰው እንደ ትርፍ ነገር ያያቸዋል። እኔ ግን በጣም ነው የምወዳቸው። ተመልካቹ ገና ከጎኑ ካለው ሰው ጋር እያወራ ሳለ፣ ቤቱ ራሱ አፍ አውጥቶ የሚያናግረው በእነሱ ነው።

ሥራው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1919 ቺካጎ ውስጥ የተቋቋመው ፊልማክ ለሲኒማ ቤቶች እንዲህ ያሉ ማስታወቂያዎችን በመሥራት የታወቀ ድርጅት ነው። ያኔ ሁሉም ነገር የፊልም ጥቅልል ላይ ነበር። ዛሬ ፋይል ነው። ራስ ምታቱም የሚጀምረው ከፋይሉ ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። አስቀድሞ ከተዘጋጀ ቴምፕሌትም (ስምና ቀለም ብቻ ከሚቀየርበት ቅጽ)፣ ስም ካለው የቪዲዮ ስቱዲዮም ይልቅ እኛን ያዋጣን ሌላ ነው። አንድ ጎበዝ የሞሽን ግራፊክስ (የሚንቀሳቀስ ሥዕልና ጽሑፍ) ባለሙያ፣ አንድ ጥሩ ድምፅ፣ እና ቪዲዮን ለሲኒማ ሰርቨር የሚሆን ጥቅል የሚያደርግ ዲሲፒ-ኦ-ማቲክ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ቴምፕሌቱን ቶሎ ልለፈው። ስም ታስገባለህ፣ ቀለም ትመርጣለህ፣ በቃ ወጣ። ለ«ስልክዎን ያጥፉ» ብቻ ከሆነ ይሠራል። ነገር ግን መውጫ በርን የሚያሳይ ማስታወቂያ ከቴምፕሌት አይወሰድም። የእኛ አዳራሽ አንዱ በር ከስክሪኑ በስተግራ፣ ሌላው ከኋላ ነው። ቴምፕሌቱ ላይ ያለው ሥዕል ሁለት በር ፊት ለፊት ያሳያል። ጭስ ሲነሳ ሰው የሚያስታውሰው ያየውን ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ስቱዲዮው ሌላ ታሪክ ነው። ስሙን አልጠራም። የሠሯቸው የማኅበራዊ ሚዲያ ቪዲዮዎች ያምራሉ፤ እኔም እነሱን አይቼ ነው የሄድኩት። ከመጀመሪያው ቀን ለሲኒማ አዳራሽ መሆኑን ነግሬ፣ የስክሪኑን መጠንና የድምፅ ሲስተሙን ዓይነት በጽሑፍ ሰጥቻቸዋለሁ። የመጣልኝ ግን ለስልክ የሚሆን ኤምፒ4 ነው። በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ ድምፁ ስቴሪዮ፣ ጀርባው ቦግ ያለ ነጭ። ጽሑፉ ደግሞ እታች ጠርዝ ላይ ተለጥፏል።

ነጩን ጀርባ ልንገራችሁ። ኮምፒውተር ላይ ንጹሕና ዘመናዊ ይመስላል። አዳራሽ ውስጥ ግን ስክሪኑ ግድግዳ የሚያህል መብራት ይሆናል። መብራት ቀስ እያልን አደብዝዘን የሰውን ዓይን ለጨለማ ስናዘጋጅ ቆይተን፣ ነጩ ብልጭ ሲል ሁሉም ነገር ዜሮ ይገባል። የፊት ረድፍ ላይ ያሉት ፊታቸውን ሲያዞሩ ከፕሮጀክተር ክፍሉ መስኮት ይታየኛል። ፊልሙ በጨለማ ትዕይንት ከጀመረማ የመጀመሪያዎቹን ምስሎች አያዩዋቸውም።

ከሁሉ የባሰው ድምፁ ነው። ሲኒማ ውስጥ ንግግር የሚወጣው ከስክሪኑ ጀርባ መሐል ላይ ካለው ስፒከር ነው። የ5.1 ሲስተም (አምስት ዋና የድምፅ ቻናልና አንድ የጎርናና ድምፅ ቻናል ያለው) መሐለኛ ቻናል የተሠራው ለዚሁ ነው። ስቴሪዮ ፋይል ሲገባ ግን የተራኪዋ ድምፅ በግራና በቀኝ ስፒከር ብቻ ይወጣል። መሐል መቀመጫ ላይ ስትቀመጡ ልክ ይመስላል። ግራ ዳር ተቀመጡና ስሙት። ሴትየዋ ምስሉን ትታ ግራ ግድግዳ ሥር ቆማ የምታወራ ይመስላል። ሙዚቃው ደግሞ ከእሷ ጋር አብሮ ተለጥፏል፤ እሷን ከፍ ላድርግ ስትሉ ሙዚቃውም አብሮ ይጮኻል።

ድምፁን፣ ሙዚቃውንና ኢፌክቱን ለየብቻ ስጡኝ ብዬ ጠየቅሁ። አይቻልም ተባልኩ። አንድ ቃል ለመቀየር እንኳ አዲስ ሥራ ተቆጥሮ እንደገና መክፈል ነበረብኝ። ነገ የቤቱ ስልክ ቁጥር ቢቀየር፣ አንድ በር ለእድሳት ቢዘጋ፣ እንደገና እነሱ ደጅ መሄድ ነው። እዚያ ላይ ተለያየን።

ከዚያ በኋላ በግሏ የምትሠራ አንዲት አኒሜተር አገኘሁ። ለሲኒማ ሠርታ አታውቅም፤ ግን ትጠይቃለች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ሰዎቹ ይህን ሲያዩ መብራቱ በርቷል ወይስ ጠፍቷል?» የሚል ነበር። እውነት ለመናገር ሥራውን ለእሷ ለመስጠት የወሰንኩት እዚያው ነው። አዳራሹን መጥታ አየች። በሮቹን ከተመልካቹ መቀመጫ አንጻር ሣለቻቸው። ጀርባው ጥቁር ሰማያዊ ሆነ፣ ጽሑፉ ከጠርዝ ገባ ብሎ መሐል ላይ ተቀመጠ፣ የመነበቢያ ጊዜውም ረዘም አለ። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ቀስ ብላችሁ ማንበብ ካልቻላችሁ ጊዜው አጥሯል ማለት ነው።

ውሉ ላይ ያስገባናቸውን ነገሮች ለማንም እመክራለሁ። ጽሑፍ የሌለበት ንጹሕ ምስል፣ ለየብቻ የተቀመጡ የድምፅ ፋይሎች፣ የፕሮጀክቱ ዋና ፋይል፣ እና ሁለት ቅርፅ። ቅርፁ ቀላል ነገር አይደለም። ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ በፍላት (ጠበብ ባለው ቅርፅ) ወይም በስኮፕ (ይበልጥ ሰፊ በሆነው) ይመጣሉ። 2ኬ በሚባለው የምስል ጥራት ፍላት 1998 በ1080 ፒክስል ነው፤ ስኮፕ 2048 በ858። ማስታወቂያችሁ በፍላት ብቻ ካለና ፊልሙ ስኮፕ ከሆነ፣ ልክ ፊልሙ ሊጀምር ሲል ፕሮጀክተሩ ቅርፅ ይቀይራል፣ መጋረጃው ይንቀሳቀሳል። ሁለቱም ካላችሁ ሁሉም ነገር ሳይቋረጥ ይፈስሳል።

አሁን ወደ ዲሲፒ-ኦ-ማቲክ ልምጣ። የሲኒማ ሰርቨር ተራ ቪዲዮ አይወድም። የሚፈልገው ዲሲፒ የሚባል ጥቅል ነው። ትልልቆቹ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ዲሲአይ የሚባል ጥምረት አቋቁመው፣ በ2005 የመጀመሪያውን መስፈርት አወጡ። በዚያ መሠረት እያንዳንዱ ፍሬም ራሱን የቻለ የጄፔግ 2000 ምስል ነው፤ ቀለሙ ኤክስዋይዜድ በሚባል ሥርዓት ይቀመጣል፤ ድምፁ ሳይጨመቅ በ24 ቢት ይገባል። ይህን ሁሉ በእጅ መሥራት ለእንደኛ ዓይነት ቤት የማይታሰብ ነው።

ሶፍትዌሩ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። ቪዲዮውን ትጥሉበታላችሁ፤ ቀለሙን ራሱ ይቀይራል። ድምፅን በተመለከተ የትኛው ፋይል ወደ የትኛው ስፒከር እንደሚሄድ በሠንጠረዥ ላይ እየነካችሁ ትመርጣላችሁ። ተራኪዋን ወደ መሐል፣ ሙዚቃውን ወደ ግራና ቀኝ ሰደድኩት። ግራ ዳር ሄጄ ተቀመጥኩና ሰማሁት። ድምፁ ከምስሉ መሐል ነው የሚወጣው። በጣም ደስ አለኝ!

በጣም የወደድኩት ግን ጥቆማ የሚሰጠውን መስኮት ነው። ድምፁ ከመጠን በላይ ከሆነ፣ የፍሬሙ ፍጥነት አንዳንድ ሰርቨር ላይ ሊያስቸግር የሚችል ከሆነ፣ ጥቅሉን ከመሥራታችሁ በፊት ይነግራችኋል። 24 ፍሬም ምረጡ፤ እሱን የማያጫውት የሲኒማ ሰርቨር የለም። የይዘቱን ዓይነት ደግሞ «ፖሊሲ» በሉት። የፋይሉ ስም ላይ ያሳጥረውና ያስቀምጠዋል፤ ሰርቨሩ ላይ ከትሬለር (ከሚመጡ ፊልሞች ማስተዋወቂያ) እና ከፊልም ለይታችሁ በቀላሉ ታገኙታላችሁ።

ጉድለት የለውም አልልም። ገጹ በቁልፍና በምርጫ የተጨናነቀ ነው፤ ለጀማሪ ያስደነግጣል። ጄፔግ 2000 ኮምፒውተሩን አንቆ ነው የሚይዘው። 30 ሰከንድ ማለት 720 ፍሬም ነው፤ ባረጀ ላፕቶፕ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። የመጨረሻው ፋይል ግን በሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን፣ ማለትም በሰከንድ 250 ሜጋቢት፣ ቢሠራ እንኳ ከአንድ ጊጋባይት ያንሳል። አዲሱን ኤስኤምፒቲኢ የሚባለውን የዲሲፒ ደረጃ ወይስ የቆየውን ኢንተርኦፕ የሚለውን ምርጫም አትለፉት። ሰርቨራችሁ ያረጀ ከሆነ የሚቀበለውን ቀድማችሁ አጣሩ። ምስጠራውን ተዉት። ማስታወቂያ መክፈቻ ቁልፍ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም።

ስለ ድምፅ መጠን አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ስለ ቅድመ ፊልም ማስታወቂያ የሚያማርረው በአብዛኛው «ጮኸብኝ» ብሎ ነው። የፊልም ትሬለሮች የድምፅ ጣሪያ አላቸው፤ ሌክ ኤም በሚባለው መለኪያ 85 ነው። የእናንተ «እንኳን ደህና መጡ» ከትሬለር በላይ የሚጮህበት ምንም ምክንያት የለም። ደህና ድምፅ ያላት ተራኪ በለሆሳስ ብትናገር እንኳ መሐለኛው ስፒከር ያደርሳታል።

ሙዚቃ ላይ ደግሞ ፈቃዱን እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ። ድረ ገጽ ላይ በርካሽ የሚሸጥ ሙዚቃ ብዙ ጊዜ የሚፈቅደው ለኢንተርኔት ቪዲዮ ብቻ ነው። ሲኒማ ቤት ውስጥ ለሕዝብ ማሳየት ሌላ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። አኒሜተሯ የምታውቀው ሙዚቀኛ አጭር ዜማ ሠርቶልን፣ መብቱን በጽሑፍ ሰጥቶን ተገላገልን።

ቅደም ተከተሉም ከአሠራሩ እኩል ወሳኝ ነው። እንኳን ደህና መጡና መውጫ በሮቹ መብራቱ ደብዘዝ ብሎ ሳለ ይሂዱ፤ ሰው በሮቹን በዓይኑ ሊያያቸው ይገባል። የስልኩን ማስታወቂያ ግን ከትሬለሮቹ ፊት አታድርጉት። ትሬለር እየታየ ስልኩን እንደገና የሚያወጣ ሰው ብዙ ነው። እኛ ከፊልሙ በፊት የመጨረሻው ነገር አድርገነዋል። ያለ ተራኪ፣ በጽሑፍና ከቀስታ ወደ ዝምታ በሚሄድ ድምፅ ብቻ። መስማት ለተሳናቸው ተመልካቾችም እኩል ይደርሳል። አሁን አዳራሹ ውስጥ ስልኮች አንድ በአንድ ሲጠፉ ከላይ ሆኜ አያቸዋለሁ።

ቤታችሁ ውስጥ ኮምፒውተር የሚደፍር ሰው ከሌለ፣ ምስሉንና ድምፁን እንደነገርኳችሁ አሠርታችሁ ወደ ዲሲፒ መቀየሩን ብቻ ለባለሙያ ክፈሉ። አጭር ሥራ ነው። ሲያስረክቧችሁ ግን ላፕቶፕ ላይ አይታችሁ አትፈርሙ። በራሳችሁ ሰርቨር፣ በራሳችሁ ስክሪን ይታይ። አንድ ሰው ግራ ዳር፣ አንድ ሰው የፊት ረድፍ ላይ ይቀመጥ።